እጅ መንሻ

ሊፍቱ ቆሟል። አራተኛ ፎቅ፣ ከደረጃው መጨረሻ፣
በሩን ይዤ ቆሜያለሁ፣ በእጄ የጀርም ማርከሻ።
ልደታን ሌት ተቀን ይቆፍሩታል፤ መንገዱ ሆዱን ዘርግፎ፣
አቧራው ደረጃ አይጠብቅ፣ ይመጣል በመስኮት አልፎ።
ስንጥቁን ደፈንኩ በፕላስተር፣ ቀዳዳውን በጨርቅ፤
ሲስተር ራውዳ ነግራኛለች፦ «ሻጋታ አለበት፣ ተጠንቀቅ።»

እስከ መቶ ቀን ቁጠር አሉኝ።
የጋራዥ ልጅ ነኝ፤ እቆጥራለሁ።
ስንት ሞተር በእጄ ወርዶ፣ ስንቱን መልሼ አስነሥቻለሁ።
የሷን መቅኔ በሄድንበት አገር
በመድኃኒት አደረቁት፣ እንደ ጠቆረ ዘይት አፈሰሱት፤
ከዳሌዬ የኔን ቀድተው በደም ሥሯ መለሱት።

አባባ፣ ነፍሱን ይማረው፣ «መቅኖ ቢስ» ይለኝ ነበር፣
ደመወዜ ሳያድር ሲያልቅ፣ ሥራዬም ወር ሳይሻገር።
ይኸው አባባ፤ የአምስታችንም ደም ተቀድቶ ሲመረመር፣
የኔ መቅኔ ገጠመላት። ሐኪሙ አለ፦ «አስር ከአስር።»

እትዬ ውድነሽ መጡ፣ ከአውቶቡስ ተራ በእግራቸው፤
ሰላጣ በሰሃን ይዘው፣ ላብ አጥምቆት ግንባራቸው።
«ልሳማት ብቻ» አሉኝ። «አንዴ ስሜያት ልመለስ።»
አይሆንም።
ጥሬ አይገባም። አበባ አይገባም። ያስነጠሰው አይገባም።
ጫማ አይገባም፣ ያልታጠበ እጅ አይገባም፣
ንፍጡ ያልደረቀ ሕፃን፣ የሰው ዓይን ቢሆንም፣ አይገባም።
«እኔ ዘመድ አይደለሁም ወይ?»
ኧረ ነዎት። ኧረ በሞቴ፣ ነዎት።
ግን ደሟ ውስጥ ያለው ዘበኛ ትናንት የተቀጠረ ነው፣
ሌባና ዘመድ አይለይም።
ባገራችን የሚታማው በሽተኛ ያልጠየቀ ነው፤
ጠያቂ ከደጅ የመለሰስ ስሙ ምንድነው?
እጃቸውን ሲዘረጉልኝ ጎንበስ ብዬ እጅ ነሳሁ፣
በሁለቱም ፍቺ።
ሰሃናቸውን ይዘው ወረዱ። እስከ ሁለተኛው ፎቅ ድረስ
ተረከዛቸው ይሰማኝ ነበር።

እኔ የምፈራው ግን ከደረጃው የሚመጣውን አይደለም።
ቀድሞ የገባውን ነው። እኔን።
ሐኪሙ በጣቱ ጠረጴዛውን እየመታ ነገረኝ፦
«ደምህ እዚያ እንግዳ ነው።
ቤቱን ሲለምድ ቤቱ የኔ ነው ሊል ይችላል፣
ባለቤቷን ባዕድ ብሎ ሊነሣባት፣
ቆዳዋ ላይ፣ አንጀቷ ላይ፣ ጉበቷ ላይ።»
ስለዚህ ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ ማታ ሁለት ሰዓት፣
ደቂቃ ሳላዛንፍ ክኒኗን አቀብላለሁ፣
ራሴን ላስታግስ፣
በሷ ውስጥ ያለሁትን ያንን ቱግ ባይ።
«መዳፍሽን።»
ትዘረጋልኛለች። ሽፍታ፣ ቅላት፣ ያበጠ ነገር።
ልጆች ሳለን ስኳር ሰርቃ እንደሁ
መዳፏን እንዲህ ነበር የማገላብጠው።

ሐሙስ፣ ስልሳ ሦስተኛው ቀን፣
የአንድ ሚኒባስ ሆድ ሥር ተኝቼ አስነጠሰኝ።
አንዴ። አቧራ ነው አልኩ። ከዚያ ሁለቴ።
ማታ ጉሮሮዬ ከረከረኝ።
በሩ ላይ በስኪብርቶ የጻፍኩት በገዛ እጄ ነው።
ለታላቃችን ለአበራሽ ደወልኩ፤
ሰዓቱን ነገርኳት፣ ክኒኑን፣ የሚፈላውን ውኃ፣ መዳፉን።
ጋሽ ሽብሩ ዘበኛው ካርቶን ከፈሉልኝ።
መቅኔዬ አራተኛ ፎቅ፣ በተተኮሰ አንሶላ ላይ፣
እኔ ምድር ቤት፣ ከሮቶው ጎን።

ሌሊት ስምንት ሰዓት ስልኬ በራ።
«አልተኛህም?»
«አልተኛሁም። ስንት ነሽ?»
«ሠላሳ ስድስት ነጥብ ሰባት» አለች፣
ውጤቷን እንደምታነብ ተማሪ።
ዝም አለች ጥቂት።
«ስማ፣ ይሄ ደምህ ጠግቧል መሰለኝ፤
ቃሪያ አማረኝ። ጥሬውን።»
ቃሪያ በሕይወቷ ነክታ አታውቅም፤
ያለ ቃሪያ ምሳ የማልበላው እኔ ነኝ።
«አይገባም» አልኳት።
ስቃ ዘጋችው። እኔም ከካርቶኑ ተነሥቼ፣
በጨለማው ለአራተኛ ፎቅ መስኮት፣
ማንም ሳያየኝ፣ እጅ ነሳሁ።